ከጠረጠራችሁ ደውሉ፦ ለሐኪሞችና ስልኩን ለሚያነሳው ቢሮ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንዲሁም በኅብረተሰብ ጤና ቢሮ ተቀምጣችሁ የበሽታ ሪፖርት የምትቀበሉ እህት ወንድሞች፣

ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ሐኪም ነኝ። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ወቀሳ ካስፈለገ ደግሞ ከራሴ እጀምራለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጅ ይዛ መጣች። ዓይኑ ቀልቷል፣ አፍንጫው ይፈሳል፣ ያስለዋል፣ ፊቱ ላይ የጀመረው ሽፍታ ወደ ደረቱ እየወረደ ነው። ኩፍኝ መሰለኝ። መሰለኝ ብቻም አይደለም፣ ካርዱ ላይ በገዛ እጄ «ኩፍኝ ይጠረጠራል» ብዬ ጽፌያለሁ። ደም ተቀዳ፣ ናሙናው ወደ ላብራቶሪ ሄደ፣ እናትና ልጅም ወደ ቤታቸው ሄዱ። ለጤና ቢሮ ግን አልደወልኩም። ለምን? «ውጤቱ ይምጣና ማስረጃ ይዤ እነግራቸዋለሁ» ብዬ ነዋ! ሳላጣራ ደውዬ መሳቂያ እንዳልሆን።

ውጤቱ በአሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ኩፍኝ ነበር። ግን ውጤቱ የደረሰው ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት ነው፤ ያን ዕለት መጠበቂያ ክፍላችን ውስጥ ተራ ይዘው ከነበሩት ልጆች ሁለቱ ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ተመልሰው መጥተዋል። አንዷ ገና የኩፍኝ ክትባት ዕድሜዋ ያልደረሰ ሕፃን ነበረች። ሳንባዋ ተነካ፣ አልጋ ያዘች። ተርፋለች፣ ተመስገን። የእናቷ ፊት ግን እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ሒሳቡን ተመልከቱልኝ። የኩፍኝ ቫይረስ ታማሚው ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። መከላከያ በሌለው ሕዝብ ውስጥ አንድ ታማሚ ከ12 እስከ 18 ለሚሆኑ ሰዎች ያስተላልፋል ይባላል። ሽፍታው ከመውጣቱ ከአራት ቀን በፊት ጀምሮ ይተላለፋል፤ ስለዚህ እኛ ዘንድ ሲደርስ ብዙውን ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። ነገር ግን ለተጋለጡት ሰዎች የሚደረግ ነገር አለ። በ72 ሰዓት ውስጥ ክትባት ከተሰጣቸው በሽታውን ሊከላከል ወይም ሊያቀልለው ይችላል። ክትባት ለማይወስዱ ሕፃናት ደግሞ እስከ ስድስት ቀን ድረስ የሚሰጥ ፀረ እንግዳ አካል ያለበት መርፌ አለ። ያቺ ሕፃን ይህ መርፌ ይገባት ነበር። እኔ ማስረጃዬን ስጠብቅ ሦስቱም ቀን አለፈ፣ ስድስቱም ቀን አለፈ። የሚያስፈልገው የሁለት ደቂቃ ስልክ ነበር፤ ተራ የያዙትን ልጆች ስም መዝገባችን ላይ ማግኘት ይቻል ነበር።

ስለዚህ ባልደረቦቼ፣ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ስትጠረጥሩ ደውሉ። ስታረጋግጡ ብቻ አይደለም። በብዙ አገር ሕጉም የሚለው ይኸው ነው፤ አስቸኳይ ተብለው የተዘረዘሩት በሽታዎች ገና ሲጠረጠሩ ነው የሚነገሩት። ማረጋገጥ የላብራቶሪው ሥራ ነው። ማጅራት ገትርን ውሰዱ፤ ከታማሚው ጋር የሚኖር፣ አብሮት የሚተኛ ሰው መከላከያ አንቲባዮቲክ ቢቻል በ24 ሰዓት ውስጥ መውሰድ አለበት። የጀርም እርባታው ውጤት ከዚያ በፊት ላይመጣ ይችላል። ታዲያ ምን ልንጠብቅ ነው?

«ግን ምን እንደሆነ ሳላውቅ ምን ብዬ ልደውል?» የሚለኝ አለ። ለእሱ አንድ ታሪክ ልንገረው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ነሐሴ 1999 ኒውዮርክ ኩዊንስ ውስጥ ዴቦራ አስኒስ የምትባል የተላላፊ በሽታ ሐኪም ሁለት በዕድሜ የገፉ ታማሚዎች ገጠሟት። ትኩሳት አላቸው፣ አእምሯቸው ተዛብቷል፣ ጡንቻቸው ዝሏል። የአንጎል ብግነት መሆኑ ገብቷታል፤ ከምን እንደመጣ ግን አላወቀችም። ደወለች። «ስሙን አላውቀውም፣ ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ ደስ አላለኝም» ዓይነት ስልክ ነው። ቢሮው ስልኩን ሰማ፣ ሌሎች ሆስፒታሎችን ጠየቀ፣ ተመሳሳይ ታማሚዎች ተገኙ። የሚገርመው የመጀመሪያው የላብራቶሪ መልስ ራሱ ስህተት ነበር። ሴንት ሉዊስ የተባለው የአንጎል ብግነት ነው ተባለ፣ በኋላ ዌስት ናይል ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት በምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ታይቶ አያውቅም። በዚያ ወረርሽኝ ሰባት ሰው ሞተ። ሐኪሟ ስም እስክታገኝለት ብትጠብቅ ኖሮ ጥበቃው ማለቂያ አልነበረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ክፍሌ ውስጥ የማየው አንድ ታማሚ ነው። አንድ ታማሚ ደግሞ ሁልጊዜ ማብራሪያ አያጣም፤ ምግብ አልተስማማውም፣ ብርድ መቶት ነው፣ ቫይረስ ቢጤ ነው። ከእኔ ሦስት መንገድ ወዲያ ያለው ክሊኒክም አንድ አይቷል። ሌላውም አንድ። አምስታችንም «አንድ ናት» ብለን ዝም ካልን አምስት መሆኗን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። አምስቱን አንድ ላይ ማየት የሚችል ቦታ ያ ቢሮ ብቻ ነው፤ የሚያየውም እኛ ከነገርነው ብቻ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ያስተላልፍ የነበረውን የብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ እጀታ ያስነቀለበትን ታሪክ ሁላችንም ትምህርት ቤት ሰምተነዋል። ብዙ የማይነገረው ግን ስኖው የተነሣው ከሞት መዝገብ መሆኑ ነው። የታመመ ሰው የሚመዘገብበት ሥርዓት ስላልነበረ ቤት ለቤት እየዞረ የጠየቀው የሞቱትን ሰዎች ቤተሰብ ነበር። እንግሊዝ ሐኪሞች ተላላፊ በሽታን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ያወጣችው በ1889 ነው። ያኔም ለንደን ላይ ግዴታ ሆኖ፣ ሌላው ቦታ ለየከተማው ፈቃድ ተትቶ ቆየና በ1899 ለመላው አገር ተዳረሰ። የዚያን ዘመን ሐኪሞች ምን ብለው እንደተቃወሙ ታውቃላችሁ? «የታማሚያችንን ሚስጥር አሳልፋችሁ ስጡ ልትሉን ነው» ብለው። ዛሬም የምንለው እሱኑ ነው።

ሚስጥሩን ቀላል ነገር አላደርገውም። ታማሚው ያመነኝ እኔን ነው፣ ቢሮውን አይደለም። ግን ሪፖርቱ የሚሄደው ለጎረቤት ወይም ለአሠሪው አይደለም፤ እንደኛው ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ባለሙያ ነው። የሚጠየቀውም ውስን ነው። ዕድሜ፣ መኖሪያ፣ ክትባት መውሰድ አለመውሰዱ፣ ከማን ጋር እንደዋለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሕመሙ የጀመረበት ቀን። ይህችን የመጨረሻዋን አደራ አትዝለሏት። ብዙዎቻችን ታማሚው እኛ ጋ የመጣበትን ቀን ጽፈን እናልፋለን፣ በሽታው ከየት ተነሥቶ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀው ግን ከጀመረበት ቀን ነው። እኔ አሁን ከመደወሌ በፊት ለታማሚው ራሴ እነግረዋለሁ፦ «ይህ ዓይነት በሽታ ሲጠረጠር ማሳወቅ ግዴታዬ ነው፣ ምናልባት ደውለው ቤተሰብዎን ይጠይቁ ይሆናል፣ እንዳይደነግጡ።» ከፈራነው ያነሰ ነው የሚቆጡት። የሚቆጡት ሳይነገራቸው በር ሲንኳኳ ነው።

ደግሞ አንዳንዱ ፍርሃት እውነት መሆኑን እኛም ቢሮውም ማመን አለብን። ሜሪ ማሎን የተባለችው ምግብ አብሳይ ሕመም ሳይሰማት ታይፎይድ የምታስተላልፍ ሆና ተገኘችና፣ ኒውዮርክ ውስጥ በሁለት ዙር በድምሩ 26 ዓመት ገደማ ተገልላ ኖረች፣ እዚያው እንዳለች በ1938 ሞተች። እርግጥ ነው፣ ተመልሳ ምግብ ማብሰሏ ትልቅ ጥፋት ነበር። ግን ከእሷ በኋላ ሌሎች እንደሷ ተሸካሚ የሆኑ ሰዎች ተገኝተው እንዲህ አልተደረጉም። ሪፖርት የቅጣት መጀመሪያ ከሆነ ታማሚው ይደበቃል፣ ሐኪሙም አብሮ ይደብቀዋል።

ሌላው በሽታችን «አንድ ሰው ደውሎ ይሆናል» ነው። ሐኪሙ ላብራቶሪው ይናገራል ይላል። ላብራቶሪው ሐኪሙ ነግሯል ይላል። ተመላላሹ ክፍል የአልጋ ክፍሉን፣ የአልጋ ክፍሉ ተመላላሹን ያምናል። ሁሉም ተማምኖ ማንም ሳይደውል ሳምንቱ ያልቃል። ባልደረቦቼ፣ ሁለት ጊዜ ይደወል! ድርብ የመጣን ስም አንዱን መሰረዝ ለቢሮው የደቂቃ ሥራ ነው።

የመጨረሻው በተፈጥሮ የተያዘ የፈንጣጣ ታማሚ ማን እንደነበር ታስታውሱ ይሆናል። አሊ ማው ማሊን፣ ሶማሊያ፣ መርካ፣ ጥቅምት 1977። የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። የታመሙ ልጆችን ለይቶ ማቆያው ድረስ በመኪና መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ አብሯቸው ሄደ፣ ያዘው። ዓለም ሁሉ ፈንጣጣን ለማጥፋት በሚያሳድድበት ዘመን፣ ያውም ሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ ሰው ሆኖ፣ በመጀመሪያ ወባ ነው ተባለ። ሽፍታ ሲወጣበት ደግሞ ጉድፍ ነው ተብሎ ቤቱ ተላከ። እሱ ራሱም ጠርጥሮ ዝም አለ፣ መገለሉን ፈርቶ። በመጨረሻ የሥራ ባልደረባው ነው የጠቆመው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተመልከቱ፦ 161 ንክኪ ያላቸው ሰዎች ተለቅመው ክትትል ተደረገባቸው፣ በሁለት ሳምንት ከ50,000 በላይ ሰው ተከተበ፣ ከእሱም ወደ ማንም አልተላለፈም። ሰውየው ድኖ በስተኋላ ፖሊዮን ለማጥፋት ሲሠራ ኖሮ በ2013 አረፈ። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያን ስሙ ብዙ የማይነሣ ባልደረባ ነው የማስበው።

እንግዲህ አሁን ወደ እናንተ፣ ወደ ቢሮው ልዙር። እኛን ብቻ ደውሉ ደውሉ ማለት አይበቃም።

መጀመሪያ ስልኩ ይነሣ። አርብ ከሰዓት በኋላ የሚያነሳው አጥቼ፣ ጠርቶ ጠርቶ ሲቋረጥ ሰኞን የጠበቅሁበት ጊዜ አለ። ማጅራት ገትር ሰኞን አይጠብቅም። ተረኛ ይኑር፣ ቁጥሩም በየሁለት ዓመቱ አይቀያየር።

ፎርሙን አሳጥሩት። ሠላሳ ታማሚ አሰልፎ ለተቀመጠ ሐኪም ስድስት ገጽ መስጠት ማለት «አትሙላው» ማለት ነው። አምስት ነገር ጠይቁኝ፣ የቀረውን የእናንተ ሰው ደውሎ ይሙላ።

መልስ ስጡን። ይህኛው ከሁሉም ይብሳል። አንድ ጊዜ ሪፖርት አድርጌ ወር ሙሉ ድምፅ ጠፋ፤ ምን ተገኘ፣ ሌላ ቦታ ነበረ ወይ፣ የማውቀው የለም። በመጨረሻ ስልኬ ሲጠራ ደስ ብሎኝ ዘልዬ አነሳሁት። ለካ «አሥራ አራተኛዋን ሳጥን አልሞሏትም» ሊሉኝ ነው! ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ግን ከዚያ በኋላ ለመደወል እጄ እንደከበደኝ አልዋሽም። «ዶክተር፣ ያ የነገሩን ታማሚ ውጤቱ ይህ ሆኗል፣ በአካባቢው ሦስት ሌሎች አግኝተናል» የምትል አንዲት መልእክት ብትደርሰኝ ሁሌም እደውል ነበር።

ደግሞ ቁጥሩ ከፍ ያለበትን ቦታ አትቅጡ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ብዙ ሪፖርት የላከ ሰው «እናንተ ጋ ለምን ጨመረ?» ተብሎ ስብሰባ ላይ ሲቆም፣ ዜሮ የላከው ሲጨበጨብለት አይቻለሁ። የፖሊዮ ሰዎች ይህን በደንብ ገብቷቸዋል። በፖሊዮ ከተያዙ 200 ሰዎች እግሩ የሚዝለው አንዱ ገደማ ነው፤ ስለዚህ አንድ ሽባ ልጅ አይታችሁ «አንድ ነው» ብትሉ ከጀርባው ብዙ አለ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ፖሊዮ ይሁን አይሁን ሳይባል ድንገት እግሩ ወይም እጁ የዛለ ልጅ ሁሉ ሪፖርት ይደረጋል፣ በ14 ቀን ውስጥም ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት የሰገራ ናሙና ይወሰዳል። ፖሊዮ በሌለበት አገር እንኳ ከ100,000 ከ15 ዓመት በታች ልጆች ውስጥ በዓመት ቢያንስ አንድ በሌላ ምክንያት የዛለ ልጅ መገኘት አለበት። ካልተገኘ ማንም «ንጹሕ ናችሁ» አይላችሁም፣ «እየፈለጋችሁ አይደለም» ነው የሚባለው። ሌላውንም በሽታ በዚህ ዓይን ብታዩት ምን አለበት?

ስሙንም አትቀይሩብን። ኮሌራን ኮሌራ ብሎ መጥራት አስፈርቷችሁ ለስለስ ያለ ስም ስታወጡለት፣ እኛ ታች ያለነው የትኛው መደብ ላይ እንደምንጽፈው ግራ ይገባናል። በሽታው እንደሆነ ስሙን አይቶ አይለሳለስም።

ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ በ2005 ሲሻሻል አንድ አገር አሳሳቢ ክስተት ሲሰማ በ48 ሰዓት ገምግሞ፣ ማሳወቅ ያለበት ከሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲያሳውቅ ተወስኗል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው አገሪቱ ስትሰማ ነው። በምዕራብ አፍሪካ የኢቦላ የመጀመሪያው ታማሚ ነው የሚባለው ሕፃን ጊኒ ውስጥ የታመመው በ2013 መጨረሻ፣ ታኅሣሥ ላይ ነው። ኢቦላ መሆኑ የታወቀው መጋቢት 2014። ወደ ሦስት ወር። ያ ወረርሽኝ ሲያበቃ ከ28,000 በላይ ሰው ታሞ ከ11,000 በላይ ሞቷል። የመጀመሪያዎቹን ታማሚዎች ያዩ ጤና ባለሙያዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹም ራሳቸው ሞተዋል።

የሚናገረው ሐኪም ሲሰማና ሲገሠጽ ልዩነቱን ታዩት ዘንድ ሁለት ሰው ላንሣ። ካርሎ ኡርባኒ በ2003 ሃኖይ ሆስፒታል ውስጥ ያየው የሳንባ ምች አላማረውም፣ ወዲያው ለዓለም ጤና ድርጅት አሳወቀ፣ የቬትናም ባለሥልጣናትም ሰሙት። እሱ በዚያው በሽታ በመጋቢት መጨረሻ አረፈ፤ ቬትናም ግን ሳርስ የተባለውን ይህን በሽታ በመቆጣጠር ከዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2019 መጨረሻ ቻይና፣ ውሃን ከተማ ውስጥ ሊ ዌንሊያንግ የተባለው የዓይን ሐኪም ያየውን የነገረው ለሐኪም ጓደኞቹ ነበር። ከቀናት በኋላ ፖሊስ ጠርቶ «ወሬ አናፍሰሃል» ብሎ አስፈረመው። በየካቲት 2020 በኮቪድ ሞተ። ተግሣጹ የተነሣለት ከሞተ በኋላ ነው። ሐኪም ለጓደኛው እየነገረ ለእናንተ የማይነግራችሁ ከሆነ፣ እባካችሁ ሐኪሙን ከመጠየቃችሁ በፊት ምን አድርገነው ይሆን በሉ።

ደብዳቤዬ ረዘመ። አንድ ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ።

በቅርቡ አንድ ሽፍታና ትኩሳት ያለው ልጅ መጣልኝ። ያው የድሮው ድንጋጤ መጣብኝና ልጁ ከአልጋው ሳይወርድ ደወልኩ። ተረኛዋ በሁለተኛው ጥሪ አነሳች። ዕድሜውን፣ ክትባቱን፣ ሽፍታው የጀመረበትን ቀን ጠየቀችኝ፣ መጠበቂያ ክፍል አብረውት የነበሩትን ስልክ እንድናዘጋጅ ነገረችኝ። ከአራት ቀን በኋላ ራሷ መልሳ ደወለች። ኩፍኝ አልነበረም። አፈርኩ፣ «ሥራ አስፈታኋችሁ፣ ይቅርታ» አልኳት።

«ኧረ ዶክተር» አለች፣ «ከአሥሩ ስልክ ዘጠኙ እንዲህ ነው። ነገም ከጠረጠሩ ይደውሉ፣ እኔ ነኝ ተረኛ።»

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጠቅላላ ሕክምና ሐኪም